አራት ብሎን የጎደለው ጠረጴዛ

ሽማግሌው በሙያው አናጺ፣ በቅጽል ስሙ ሚሊሜትር ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ የተመረረበት ግን ልጁ ነው።

አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ ሲሠራ፣ ከእጁ የወጣ ዕቃ ተንጋዶ ያየ ሰው አልነበረም። ሜትሩ ከሱሪ ኪሱ፣ ጠፍጣፋዋ የአናጺ እርሳስ ከጆሮው ላይ አይለዩም። ሥራውን ሲጨርስ ዕቃውን ይገለብጥና ማንም በማያየው በኩል፣ ከሥሩ፣ በዚያች እርሳስ ይጽፋል፤ ቀኑን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ጉድለት ካለውም ጉድለቱን። «ከላይ ያለው ለባለቤቱ ነው፤ ከሥር ያለው ለእውነቱ ነው» ይል ነበር። «ይህ እግር ስንጥቅ ነበረው፣ በኮላ ታሽጓል» ብሎ በጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ስንት ድግስ ተበልቷል፤ ጎንበስ ብሎ ያየ እንግዳ የለም። የሚያዩት ሁለቱ ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ትልቋ፣ ሴቷማ፣ ማንበብ የተማረችው ከጠረጴዛ ሥር ተንጋላ ነው ማለት ይቻላል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደል በፊደል።

ትንሹ፣ ወንዱ፣ የተማረው ሌላ ነገር ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ለእናቱ የብርጭቆ መደርደሪያ ሠራ። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታው። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ «ሁለት ሚሊ ጎድሏል» አለ። ከዚያም መዶሻውን አንስቶ በአንድ ምት ሰበረው። «በል እንደገና ሥራው።»

ልጁ እንደገና አልሠራም። አድጎ የሒሳብ መምህር ሆነ። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ቢያንስ በመዶሻ አይሰበርም።

አሁን መምህሩ አርባ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ግንባሩ ገፍቷል፤ እህቱ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አባቱ እሱ ዘንድ ነው የሚኖረው። ሽማግሌው ሲመጣ የያዘው አንድ የልብስ ሻንጣና አንድ የዕቃ ሳጥን ነበር። ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ዝም አለ፤ ሳጥኑ ግን ዝም አላለም። በመጀመሪያው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን በር ነቅሎ እንደገና ሰቀለው፤ ሦስት ሚሊ ወርዶ ነበር። በሁለተኛው የምግብ ጠረጴዛውን እግር ሞረደ። በሦስተኛው የምራቱን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ አቃናው፤ «ባልሽ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር፣ ልጄ» አላት። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የታመመ ሰው ስታስተናግድ ውላ ስትመጣ ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሜትር የያዘ ሽማግሌ ያጋጥማታል። አራት ዓመት። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳሉ፣ ቀጥሎ የሜትሩ ሽው ብሎ መከፈት፣ ቀጥሎ ጠቅ ብሎ መዘጋት።

እርግጥ ነው፣ ሽማግሌው መርሳት ጀምሯል። ማንቆርቆሪያ ጥዶ ረስቶ ሁለት ጊዜ አሳርሯል። መነጽሩ አንድ ቀን ሲፈለግ ውሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። ባልና ሚስቱ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንደ ምስክር ወረቀት ይዘው ዞሩ። ከከተማው ዳር፣ ከመጨረሻው አውቶቡስ ማቆሚያ አልፎ፣ አንድ የአረጋውያን ማቆያ አለ፤ ግቢው አበባ፣ መኝታው ንጹሕ። መግቢያ ቅጹ ግን የልጆች ሁሉ ፊርማ ይጠይቃል። መምህሩ ቅጹን ባመጣ ቀን በራሱ መስመር ላይ ፈረመ። ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ቀረ።

«አልፈርምም» አለች እህቱ። የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ ኃላፊ ናት፤ ድምጿ ሰልፍ ማስያዝ የለመደ ነው። «ማንቆርቆሪያማ እኔም አሳርራለሁ። የአባባ አእምሮ ያለው እጁ ላይ ነው። እጁ እንጨት እስካወቀ ድረስ አባባ አለ። እጁ የጠፋ ቀን ጥራኝ፣ እፈርማለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ውሰጂዋ፣ እታለም።»

«ቤቴን እኮ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ሁለት ክፍል፣ ባልና ሦስት ልጅ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ያህል ሰምቶታል፤ ሁልጊዜም እኩል ርዝመት አለው። ፍቅሯ ሰፊ ነው፤ የጠበበው ቤቷ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የመጣለት ከሚስቱ ጋር የቤት ዕቃ መደብር ሄዶ ሳለ ነው። መጋረጃ ሊገዙ ነበር። መደብሩ መጨረሻ ላይ፣ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሳይሆን ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ዕቃ ተደርድሯል፤ ሁሉም በካርቶን ታሽጎ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ቆሟል። ከመካከሉ አንድ ቀጭን የመግቢያ ጠረጴዛ አለ፤ በር ላይ ቁልፍና ቦርሳ የሚቀመጥበት ዓይነት፣ አራት እግር፣ አንድ ገበታ፣ ከታች አንድ መደርደሪያ። ዋጋው ከመጋረጃው አንሶ ተገኘ።

«ይሄን ሕፃን ልጅ በአንድ ሰዓት ይገጥመዋል» አለ ሻጩ።

«ሽማግሌስ?» አለ መምህሩ።

ሻጩ የቀልድ መስሎት ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ ባሏን ዓይን ዓይኑን አየችው።

መኪና ውስጥ ነገራት። ቅዳሜ አባቱ ይህን ጠረጴዛ ይገጥማል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቱ ትመጣለች። ጠረጴዛው ሲንገዳገድ በዓይኗ ታያለች፤ እጁ መጥፋቱን ራሷ ትመሰክራለች።

«ባይንገዳገድስ?» አለች ሚስቱ። «ሰውዬው እኮ አርባ ስድስት ዓመት...»

«ይንገዳገዳል።»

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ካርቶኑን ከሥር በኩል በቢላ ከፈተ። መመሪያ ወረቀቱ ላይ አፉ እስከ ጆሮው የሚስቅ ሰውዬ ተስሏል፤ ከጎኑ የዕቃው ዝርዝር፤ ብሎን አሥራ ስድስት፣ ለእያንዳንዱ እግር አራት አራት። ትንሿን የላስቲክ ከረጢት በጥንቃቄ ከፍቶ አራት ብሎን አወጣ። ሚስቱ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ታየው ነበር።

«አራት ይበቃል?» አለች።

«ከአንድ እግር አራቱን ብታጪ አንቺ ትቆሚያለሽ?»

ከረጢቱን በሻማ እሳት አጣብቆ መለሰው፣ ካርቶኑን በፕላስተር አሸገው፣ አራቱን ብሎን በጃኬቱ ቀኝ ኪስ ከተታቸው። ተማሪ ሲኮርጅ በአንድ እይታ የሚይዝ መምህር ነው፤ የራሱ እጅ ግን እንዲህ ይቀላጠፋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን መግቢያው ላይ፣ ከኮት መስቀያው ሥር አጋደመው።

«ምንድን ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ጠረጴዛ ነው፣ አባባ።»

«የታለ?»

«ካርቶኑ ውስጥ ነዋ።»

«ሬሳም ሳጥን ውስጥ አለ። እንግዳ መጣ ተብሎ አይነገርም።» በጣቱ ጥፍር ካርቶኑን ኳ ኳ አደረገ። «ቺፑድ ነው። የመጋዝ ዱቄት በምራቅ ተለውሶ። እኔ መሬት ላይ ጠርጌ የምጥለውን ሰዎቹ ይሸጡታል።»

«ካልቻልክ እኮ ግድ የለም፣ አባባ። ሰው እጠራለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። «ካልቻልክ» የምትለዋ ቃል የት ላይ እንደምትወጋ ልጅ ነውና ያውቃል።

«ትሪ አምጣልኝ» አለ አባትየው።

አሠራሩ ድሮም እንዲህ ነው፤ ሳይቆጥር አይጀምርም። ከረጢቱን ቀድዶ ትሪው ላይ ዘረገፈው፤ ብሎኑን አራት አራት እያደረገ ደረደረው። መምህሩ ሳሎን ውስጥ የተማሪዎች ፈተና እያረመ በመስመር በመስመር መካከል ጆሮውን ይልካል።

«ወረቀቱ ብሎኑን ስንት ነው የሚለው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እህ።»

በቃ። ጎደለ አላለም፣ አልተቆጣም፣ ሁለተኛ አልጠየቀም። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቀ። እንደገና ሲቆጥር ሰማው። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ።

«ጃኬትህን ወደዚያ ላድርገው» አለ ሽማግሌው ትንሽ ቆይቶ። «ግድግዳውን ልለካ ነው።»

መምህሩ ጃኬቱን እዚያው መስቀያው ላይ ረስቶት ነበር። ቢነሳ ያስጠረጥራል፤ ባይነሳም ይጨንቀዋል። «አድርገው» አለ። የሜትሩ ሽው ተሰማ፣ ጠቅ ተሰማ። ሌላ ድምፅ የለም። አምስት ደቂቃ ታግሦ ውሃ ሊጠጣ የሚሄድ መስሎ በመግቢያው አለፈና ኪሱን ዳበሰ። አራቱም አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ግን ጠርጥሮ፣ ዳብሶ፣ ቆጥሮ ተረጋጋ።

ከዚያ ቢላ እንጨት ሲልግ ሰማ። ሄዶ ሲያይ አባቱ መሬት ላይ ተቀምጦ የተሰበረ አሮጌ የመሮ እጀታ ከሳጥኑ አውጥቶ ይቀርጻል። ወይራ ነው፤ ከዕድሜው ብዛት ጥቁር ሊመስል ምንም አልቀረው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋ እንጨቱን የነካች እንደሆነ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ስትነሳ ይመለሳል። ልክ ሁለት ሰዎች አንድን እጅ ተራ በተራ የሚጠቀሙበት ይመስል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«የጎደለውን።»

«ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «እሞላዋለሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ቆመ። አባትየው እጁን ሊታጠብ ሲሄድ መምህሩ ቀረብ ብሎ ገበታውን በሁለት እጁ ይዞ ገፋው። አልተነቃነቀም። በጉልበቱ ገፋው። እንደ ግድግዳ ነው። ለሦስት እግር አሥራ ሁለቱ ብሎን ተመድበዋል፤ አራተኛው እግር ደግሞ አራት የወይራ ሚስማር ተመትቶበታል፤ ራሳቸው ከገበታው እኩል ተልጎ፣ ጣት ቢያልፍባቸው የማይሰሙ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ ያ የብርጭቆ መደርደሪያ እንደገና ሆዱ ውስጥ ሲሰበር ተሰማው። ይህ ሰው ከቺፑድ እንኳ ያሸንፈዋል። አራት ብሎን ሰርቀውት ያሸንፋል።

ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲፈስ እየሰማ የአባቱ መኝታ ክፍል ገባ። መነጽሩ ሰውዬው አፍንጫ ላይ ነው፤ የመነጽሩ ቤት መስኮቱ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ከጃኬቱ አውጥቶ ያመጣቸውን አራት ብሎኖች እዚያ ውስጥ ከተታቸው፤ ክዳኑን ቀስ ብሎ ጠቅ አደረገው።

እህቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣች። ከበሩ እንደገባች ቦርሳዋን ገበታው ላይ ጣለችና ራሷም በክርኗ ተደገፈችበት፤ ትንሽ ሴት አይደለችም። ጠረጴዛው ምንም አላለም።

«አባባ! አንተ ነህ የገጠምከው?» ሽማግሌውን ግንባሩን ሳመችው። «እጅህ ይባረክ። ማሙሽ፣ የታል የጠፋው እጅ? እስኪ አሳየኝ!»

«እሱን ተይና እዚህ ነይ» አለ መምህሩ። በአራተኛው እግር ላይ፣ በገበታው ዳር ጥቁር ጥቁር የሆኑትን አራት ነጥቦች አሳያት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጨት... ለምን፣ አባባ?»

«ብሎኑ አራት ጎደለ» አለ ሽማግሌው።

«አልጎደለም» አለ ልጁ፤ ድምፁ እንደ ሐኪም ለስለስ ብሏል። «ሻጩ ፊቴ ቆጥሮ ነው የሰጠኝ። አሥራ ስድስት።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች ሚስቱ ከሳሎን።

«አባባ፣ ምናልባት የሆነ ቦታ አስቀምጠሃቸው ረስተህ ይሆን?» አለ መምህሩ። «እንደ መነጽሩ?»

መነጽር የሚለውን ቃል ሚስቱ እንደ ተራዋ ተቀበለችው። ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባች፤ መሳቢያ ከፈተች፣ ትራስ አነሳች፣ ለወጉ ያህል። ከዚያ የመነጽሩን ቤት ይዛ ወጣች። ስትከፍተው አራቱ ብሎኖች እንደ ጥርስ ተደርድረው ታዩ።

ሽማግሌው ብሎኖቹን አየ። ከዚያ መስቀያው ላይ ያለውን ጃኬት አየ። ከዚያ ልጁን አየ፤ ረጅም ጊዜ፣ አንድን ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይኑ ሲያይ እንደሚያየው፣ የቱ ጋ እንደተጣመመ ሊያገኝ።

«ጠዋት የት ነበሩ?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ፣ አባባ። አንተ አይደለህ ያስቀመጥካቸው?»

«አባባ» አለች ሴት ልጁ፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «አንተ ነህ እዚህ የከተትካቸው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።»

ለአባቷ «አልቆጣህም» ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መምህሩ የአባቱን አፍ አየ። አንድ ቃል ይበቃል። ሽማግሌው ጣቱን ወደ ጃኬቱ ቢቀስር፣ ይህች ሴት ሰልፍ እንደጣሰ ተሳፋሪ አንጠልጥላ ነበር የምታስወጣው፣ ከገዛ ቤቱ።

«ልጄ ካለ» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እኔ ነኛ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ወረቀቱን አምጡት።»

የፈረመችው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ለመሄድ የማንም እግር እሺ አላለም። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊርማዋ እንደ ሌላ ሰው ፊርማ ወጣ። ጠረጴዛው አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ ወሰዱት። ማቆያው ስለት ያለው ዕቃ አያስገባምና የዕቃ ሳጥኑ ቀረ፤ ሜትሩን ብቻ ፈቀዱለት። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሚስቱ በማግሥቱ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች፣ «እሰይ» አለች፣ ዘጋችው። ምን ሊያደርጉበት እንደፈለጉ አንዳቸውም ሌላውን አልጠየቁም። ባዶ ነው፤ በቃ።

መምህሩ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ማለዳ ሜትር አይሰማም። የሠርጉ ፎቶ እንደገና ዘመም አለ፤ ማንም አላቃናውም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል ሲያደርግ ጠረጴዛው ይቀበለዋል። ከአባቱ ሥራ ሁሉ በዚህ ቤት ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቱ ሥራ አይባልም። ሽማግሌው «በመጋዝ ዱቄት ላይ እርሳሴን አልጨርስም» ሲል አይደል የኖረው?

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ እህቱ ደወለች።

«ማሙሽ፣ ያችን ጠረጴዛ ስጠኝ።»

«የቷን?»

«የመግቢያዋን። የአባባ የመጨረሻ ሥራ እኮ ናት። እሁድ ከሰዓት ባለቤቴ መኪና ይዞ ይመጣል። እኔ ቤት ቦታ አገኝላታለሁ።»

ለጠረጴዛ ቦታ ይገኛል። መምህሩ ይህን ሊላት አሰበና ተወው። «ውሰጃት» አለ።

እሁድ ጠዋት ለመጫን እንዲመች የታችኛውን መደርደሪያ ሊፈታ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የገበታው ሥር ቀለም አልተቀባም፤ ጥሬ ቺፑድ ነው። እዚያ ላይ፣ በጠፍጣፋዋ እርሳስ፣ ተጭኖ፣ በአባቱ ቀጥ ያለ ፊደል ተጽፏል። ከላይ የዚያ ቅዳሜ ቀን አለ። ከሥሩ፤

«ቺፑድ። ብሎን 16 ሊሆን የመጣው 12። አራቱ በልጄ ጃኬት ቀኝ ኪስ ናቸው። በወይራ ተተክቷል። አይነቃነቅም።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛው ላይ የገረመው ቁጣ አለመኖሩ ነው። ስድብ የለም፣ እርግማን የለም። የእግር ስንጥቅ እንደሚመዘገብ ተመዝግቧል። ጽሑፉ የተጻፈው ጠረጴዛው ከመቆሙ በፊት ነው፤ የመነጽሩ ቤት ሳይከፈት፣ ፊርማው ሳይፈረም። ሰውዬው ሁሉን እያወቀ «ልጄ ካለ» ብሏል።

ሚስቱን ጠራት። መጥታ አነበበች።

«ሙልጭ አድርገህ አጥፋው» አለች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

በላጲስ ሞከረ፣ አልሄደም። ከአባቱ ሳጥን ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ፈገፈገ። ቺፑዱ ዱቄት እየሆነ ተነሳ፤ ፊደሉ ግን ጠልቆ ገብቷልና ዙሪያው በነጣ ቁጥር ይበልጥ ጎላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የመጋዝ ዱቄትም ለካ እንደዚያው ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከፈገፈገው፣ ለምን ተፈገፈገ ትላለች፤ ቀለም ከቀባው፣ ለምን ተቀባ ትላለች። እሷ ደግሞ ጠረጴዛ ባየች ቁጥር ከሥሩ የምትገባ ሰው ናት፤ ሃምሳ ሊሞላት ቢሆንም።

መዶሻውን አነሳ።

ገበታው በሦስተኛው ምት ለሁለት ተከፈለ። መደርደሪያው ተሰነጠቀ፤ አሥራ ሁለት ብሎን የያዛቸው ሦስቱ እግሮች ዱቄታቸውን እየረጩ ተነቀሉ። አራተኛው እንቢ አለ። መታው፤ ቺፑዱ በዙሪያው ተፈረፈረ፤ አራቱ የወይራ ሚስማሮች ግን እግሩን ከአንድ ቁራሽ ገበታ ጋር አፋቅረው እንደያዙ ቀሩ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መዶሻው የአባቱ ነው፤ ከብርጭቆ መደርደሪያው ወዲህ እጁ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስብርባሪውን ከበሩ ውጭ ከቆሻሻው በርሜል አጠገብ ከመረው፤ ጽሑፉ ያለበትን ግማሽ ከሥር፣ ፊቱን ወደ መሬት። ከምሳ በኋላ ቆራርጦ በማዳበሪያ ሊከተው ነበር ሐሳቡ። እህቱ ግን ከሰዓትን አልጠበቀችም። መኪናው ሲቆም እሱ ገና እጁን እየታጠበ ነው።

ሲወጣ ክምሩ ፊት ቆማ አገኛት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተሰበረች፣ እታለም።» ፊቱን ያዘነ አስመሰለ። «ጠዋት ቦርሳዬን ሳስቀምጥባት ድርምስ አለች። እነዚያ የእንጨት ሚስማሮች አልያዙም። ምን ይደረግ፣ የአባባ እጅ... ያኔም እኮ ነግሬሽ ነበር።»

ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ባሏ መኪናው ውስጥ ኋላ መቀመጫውን አጥፎ ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። መምህሩ ትከሻዋን ዳበሰ። እንዲህ እያለቀሰች ስልኳን አወጣች፤ እሁድ በዚህ ሰዓት አባቷ ጋ ሳትደውል አትቀርም።

«አባባ፣ ጠረጴዛህ ተሰበረች።»

ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለከፈተችው ሽማግሌው ሲስል ሁሉም ሰሙት። «የቷ?»

«የመግቢያዋ። ያቺ የመጨረሻዋ።»

ከዚያ፤ «ከመገጣጠሚያው ነው ወይስ ከገበታው?»

«ምኑ?»

«የተሰበረው፣ ልጄ። ዕቃ ራሱ ሲሰበር ከመገጣጠሚያው ነው የሚለቀው። ገበታው ከተሰበረ ግን ሰው ነው የሰበረው። አራቱ ወይራ ያሉበትን እግር እዪልኝ። ለቋል?»

«ቆይ ልየው» አለች።

«ተይው እታለም፣ እጅሽን ይወጋሻል» አለ መምህሩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላለች። እግሩን ሳበችው፤ ከቁራሽ ገበታው ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ነቀነቀችው፣ አልተነቃነቀም። ከሥሩ የነበረው ግማሽ ገበታ ተገለበጠ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ፊደል በፊደል፣ ልክ ያኔ ተንጋላ እንደምታነበው።

ቀና ስትል ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ወንድሟ ላይ ነው። እሱ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ሊመጣበት ያለውን ያውቃል፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው። አልመጣም። ዓይኗ ከእሱ ወደ መኪናው ሄደ፤ ወደ ባሏ፣ ወደ ተከፈተው የኋላ በር፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ወደሚያስገባው ቦታ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ሄሎ?» አለ ሽማግሌው። «ልጄ? ለቋል ወይስ ይዟል?»

«ለቋል፣ አባባ» አለች።

መምህሩ ቀና አለ።

«አራቱም?»

«አራቱም ለቀዋል። ከመገጣጠሚያው ነው።»

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የማቆያው የምሳ ደወል ተሰማ።

«እንግዲያው» አለ ድምፁ፣ «እጄ ሄዷል ማለት ነው። ያኔም ሄዶ ነበር ማለት ነው። እኔ እኮ... የቆጠርኩ መስሎኝ ነበር።»

«ምሳህን ብላ፣ አባባ፤ እንዳይበርድብህ።»

ስልኩን ዘጋች። እንባዋ ፊቷ ላይ ደርቋል። የያዘችውን እግር ክምሩ ላይ መልሳ አስቀመጠች፤ ግማሹን ገበታ ደግሞ በጫማዋ ጫፍ ገፍታ ፊቱን ወደ መሬት ደፋችው።

«የቆሻሻ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ነገ... ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለ መምህሩ።

«እስከዚያ ወደ ውስጥ አስገባው» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ሰው ያነበዋል።»